ያላሉትን ብለዋል ያልኩበት ጠዋት

አያ ሙላት ባረፉበት ሳምንት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ጥፍራቸውን ቆረጥኩላቸው። «ሥጋዬን ተዪና ጥፍሬን ቁረጪ» አሉኝ፤ ሳቅን። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ይህ ነው። ባሌ ናቸው፤ በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጡኝ አንቱ እንዳልኳቸው ኖርኩ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበርና ያን ጊዜ ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። በሕይወት ሳሉ ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም እንኳ፣ አልተናገርኩትም።

መርሳት የጀመሩት ከዓመታት በፊት ነው። ምሳ መብላታቸውን ይረሱ ነበር። ሰሊጥን ግን አልረሱም። እዚህ መተማ ሰሊጥ የሚታጨደው ፍሬው ሳይከፈት ነው፤ ጥቂት ከዘገየ ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። እሳቸው ፍሬውን በጣታቸው ጫን አድርገው ቀኑን ያውቁት ነበር።

አንድ ጠዋት ከማሳ ተመልሰው «ዛሬ ይታጨድ» አሉ። ከጎጃም የመጡት አጫጆች ማጭድ ይዘው ቆመዋል። እኔ ግን ወንድሜ ከማርያም በዓል በኋላ ከኮኪት ተጨማሪ ሰው ይዤ እመጣለሁ ስላለኝ እሱን መጠበቅ ፈለግሁ። እውነቱን ልናገር? የቤቱ አዛዥ መሆን ጥሞኝ ነበር። ልከራከራቸው ስችል የሚቀለውን መንገድ ያዝኩ።

«አያ፣ ትናንት ማታ አንቱ ራስዎ አይደሉ እንዴ ማርያም ትለፍ ያሉት?»

«እኔ ነኝ ያልኩት?»

«አንቱ ነዎት።»

አላሉም ነበር። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አመኑኝ።

ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ማርያም ስታልፍ የሰሊጡ ግማሽ መሬት ላይ ነበር። አንዱ አጫጅ «እንግዲህ አባባ፣ ማጭዱን ትተን መጥረጊያ እንያዝ» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። አያ ሙላት በሁሉም ፊት «ልጆቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጭንቅላቴ ከድቶኛል» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቆሜ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ምንም ነገር አልወሰኑም። ማሳ መሄዱን ተዉት። በገዛ ደጃፋቸው ቆመው «ልውጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። መርሳት የወሰደባቸው ትናንትን ነው፤ ራሳቸውን ማመንን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። እርጅና ነው ልበል? በሽታ ነው ልበል? እኔ ነኝ።

በወጣትነቴ ቶሎ እወስን ነበር፤ ብሳሳትም ከርሞ ሌላ ዓመት አለ ብዬ እጽናና ነበር። አሁን ለትንሹም ነገር ቀኑን ሙሉ አመነታለሁ። እኔም መርሳት ጀምሬአለሁ። መነጽሬን አስቀምጬ አጣዋለሁ፤ የጎረቤት ስም ይጠፋኛል። ያ ጠዋት ግን አንዲት ቃል አልጎደለበትም። ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው አርፈዋል።

አጨዳ ሲደርስ ሸሕዲ ከተማ፣ ሠራተኛ ወደሚቀጠርበት ቦታ እሄዳለሁ። ከዚያ ዓመት አጫጆች መካከል የማውቀው ፊት ካገኘሁ አስቆመዋለሁ። «አያ ሙላት ዛሬ ይታጨድ ብለው ነበር፤ ያስቆየሁት እኔ ነኝ» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ነገሩን አያስታውሱትም። እነግራቸዋለሁ።