ዳገቱን ያልወጣው ውሃ

ድርቤ ነቀምት ውስጥ በአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ የውሃ መስመር ሥራ አስተማሪ ናት። ቁጣዋ ቶሎ አይመጣም፤ ከመጣ ግን ቶሎ አይሄድም።

የታመመች እናቷን ልታስታምም ዲጋ ሰንብታ ስትመለስ፣ ጨለለቂ ዳገት ላይ ያለው ሰፈሯ አዲስ ቧንቧ ገብቶለት አገኘች። ቧንቧው ግን ሲከፈት ያፏጫል እንጂ ውሃ የለውም። አዛውንት ጎረቤቷ አዴ አሰፋች ከታች ሰፈር ጄሪካን ተሸክመው ሲወጡ ጭቃው አዳልጧቸው፣ የተሰበረ ክንዳቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

የድርቤ ደም ፈላ። መስመሩን ተከትላ ቁልቁል ወረደች። ከታች፣ ዋናው መስመር አጠገብ፣ ውሃው በኃይል ይፈናጠራል። ወደ ላይ ሲመጣ ግን ቱቦው መንገድ ላይ ይቀጥናል፤ በየአጥሩ ጥግ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይታጠፋል። ውሃው በጠባቡ ቱቦ እየታሸ፣ በየመታጠፊያው እየተላተመ፣ ዳገቱ መሐል ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ማን እንደዘረጋው ስትጠይቅ ኢቢሳ ነው አሏት። ኢቢሳ ተማሪዋ ነበር፤ ያውም ይህንኑ ትምህርት ከሁሉም በልጦ ያለፈ።

በቀጥታ ወደ ኢቢሳ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄደች።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲስቱ» ብሎ የቀድሞ አስተማሪውን በኦሮምኛ ሰላምታ በአክብሮት ተቀብሎ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ውሃው እንደማይወጣ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ወፍራሙ ቱቦ እንዳለቀበት፣ ሰዎቹም ግቢያችን አይቆፈርም ስላሉት አጥር አጥሩን እንደዞረ ይነግራት ጀመር።

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

አቀረቀረ። «አውቅ ነበር።»

«ባታውቅ እንደገና አስተምርህ ነበር» አለችው። «እያወቅህ ለሠራኸው ምን ላድርግህ?»

ከዚያ ወደ ባለ አጥሮቹ ዞረች። ከሁሉም ያስቸገራት ሀብተጊዮርጊስ ነበር፤ የተከልኩት ቡና ይበላሽብኛል አለ። ክርክሩን ትታ አዴ አሰፋች ቤት ወሰደችው። ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው ሽሮ ሊያማስሉ ሲታገሉ አየና፣ ተመልሶ የግቢውን በር ለቁፋሮው ከፈተ።

ኢቢሳ ወፍራም ቱቦ አምጥቶ፣ ራሱ ቆፍሮ፣ በግቢዎቹ መሐል ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። ውሃው ዳገቱን ወጣ። ሰፈሩ አጨበጨበለት፤ አዴ አሰፋች ራሱን ዳብሰው መረቁት። ይሄ ደግሞ ድርቤን ይብስ አንጨረጨራት። የሴትዮዋን በርሜል ሞላችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

«በቃሽ ልጄ፣ ይቅር በይው» አሏት አዴ አሰፋች ማታውን።

«እርስዎ ይቅር ይበሉት» አለች ድርቤ። «እኔ ገና ነኝ።»