ያልዳነ ቁስል ፍለጋ ወደ ራቤል

ማክሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ማክሰኞ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣሁ። የምሄደው አንድ በሽተኛዬን ፍለጋ ነበር። መሪጌታ ፍሥሐ ራቤል ውስጥ ዜማ ያስተምራሉ። ከአንድ ወር በፊት በምላሳቸው ጠርዝ ላይ ቁስል ይዘው እኔ ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ መጡ። ከቁስሉ ትይዩ የተሰበረ የመንጋጋ ጥርስ ነበራቸው። ስለቱን ሞርጄ አለሰለስሁትና በሁለት ሳምንት ቀጠርኋቸው። ቁስሉ ጥርስ የፋቀው ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይድናል። ካልዳነ ግን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። መሪጌታ አልተመለሱም፤ ሞባይልም ያኔ ራቤል አልገባም ነበር።

የክሊኒኩ ኃላፊ ድነው ይሆናል፣ በሽተኛ ፍለጋ መዞርም ሥራችን አይደለም አለኝ። የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁና ወጣሁ።

ሞላሌ

አውቶቡሱ በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ እኩለ ቀን ላይ ሞላሌ ገባ። ጎማ እስኪቀየር ምሳ ልበላ አንድ ምግብ ቤት ጎራ አልሁ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር ያስተናገዱኝ። ሥራዬን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ጠርተው የታች ከንፈራቸውን ውስጡን ገልጠው አሳዩኝ። አተር የምታህል እብጠት አለች። ጎረቤት ካንሰር ነው ብሎ ዋንጫቸውን ለይቶባቸዋል።

እጄን ታጥቤ ዳሰስኋት። ለስላሳ ናት፤ መልኳም ከአካባቢው ሥጋ አይለይም። ከንፈራቸውን ደጋግመው እንደሚነክሱ፣ እብጠቷም ለዓመታት እንዳላደገች ነገሩኝ። ካንሰር እንደማትመስል፣ ክሊኒክ መጥተው ስትወጣላቸውም ለማረጋገጥ እንደምትመረመር ነገርኋቸው። ከዚያም ተመጋቢዎቹ ወደተቀመጡበት ተመልሼ፣ ካንሰር ቢሆን እንኳ በዋንጫ እንደማይተላለፍ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። በተለየው ዋንጫቸው ውሃ አስቀድቼም ሁሉም እያየ ጠጣሁ።

ረቡዕ፣ ጓሳ

መሐል ሜዳ አድሬ በማግስቱ ጨውና ሳሙና በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈርሁ። ጓሳ ላይ ጉሙ ወርዶ ሣሩን ሸፍኖታል። ብርዱ በጋቢ ውስጥ ያልፋል። አንዲት ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጣ ሄደች። ሾፌሩ ፍሬኑን እየረገጠ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ለመሪጌታ ምን እንደምላቸው አስብ ነበር።

ራቤል

መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው መሐል ተነሥተው ተቀበሉኝ። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው ቁስሉ እንደማያማቸው ነገሩኝ። ደጃፉ ላይ በብርሃን አየሁት። አልዳነም፤ የቁስሉ ዳርም በጣቴ ስነካው ጠጥሯል። አንገታቸው ላይ ግን የሚዳሰስ እጢ አላገኘሁም።

ለምርመራ አብረን እንሂድ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

“ምላሴን ከሚቆርጡኝ እዚሁ ብሞት ይሻለኛል” አሉ። “ያለ ዜማ እኔ ማን ነኝ?”

“እኔ ካንሰር ነው አላልሁም፤ አይደለምም ማለት አልችልም። ምርመራው እንዲለየው ግን፣ ያለ እርስዎ ከራቤል አልወጣም።”

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ገብተው የመንገድ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ። መሪጌታ ስንቁ ሲቋጠር ተመለከቱ።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “ስሙን ለማላውቀው ነገር እጄን አልሰጥም። መጀመሪያ ስሙ ይነገረኝ።”

መልስ

ሐሙስ በዚያው አይሱዙ ተመልሰን፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባን፤ ከዚያም አዲስ አበባ ላክኋቸው። ውጤቱ ካንሰር ነበር፤ ግን አልተሰራጨም። ከምላሳቸው ጠርዝ ተቆርጦ ወጣላቸው። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ያልተመለሰ በሽተኛ ድኗል ብዬ ካርዱን አላጥፍም። ኃላፊው አሁንም አልወደደልኝም፤ እኔም አልተውሁም።

መሪጌታ ለክትትል ሲመጡ ማስተማራቸውን እንደቀጠሉ ነገሩኝ። “ረ” ፊደል ብቻ ትንሽ ትከብዳቸዋለች። ተማሪዎቹ ደግሞ ከሳቸው ሰምተው እነሱም አክብደው ይሏታል።

“ታዲያ ምን ያደርጋሉ?” አልኋቸው።

“ይቺ የኔ ብቻ ናት፤ እናንተ አስተካክሉ እላቸዋለሁ” አሉና፣ አፋቸውን ለምርመራ ከፈቱልኝ።