አሸዋ የተነሰነሰበት ብረት

ነቀምቴ ውስጥ በያጅ ነኝ። ጥቁሩን መነጽር አድርጌ የሰው በርና መስኮት ስበይድ ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠይቆኝ አያውቅም። "ኢንጂነር" ነው የሚሉኝ። ማንበብ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ይበሉኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አባቴ ገጠር ቱምቱ ነበር፣ ብረት ቀጥቃጭ። የአገሩ ማረሻና መጥረቢያ ከእሱ እጅ ይወጣል፤ እሱን ግን ከደጃፍ አያሳልፉትም። ለቅሶ ቤት እንኳ ከአጥሩ ሥር ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። ሁለት ብረት ለማያያዝ መብራት አልነበረው፣ ኤሌክትሮድ አልነበረው። ጫፎቹን ከሰል ውስጥ ከትቶ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ ቀልቶ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሊነጣ ሲል ደቃቅ የወንዝ አሸዋ ይነሰንስበታል። አሸዋው ይቀልጥና የብረቱን ቅርፊት ይዞ ይወርዳል። ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ በመዶሻ መምታት ነው። ከዘገየህ አይያያዝም፤ ከቸኮልክም አይያያዝም። እኛ ዛሬ በማሽን የምንሠራው የዚህ ልጅ ነው። የተከበረው ልጁ ብቻ ነው።

ትልቋን ልጄን አቅራቢያችን ካለው ዲጋ የአንድ ገበሬ ልጅ ወደዳት። አንድ መዘምራን ውስጥ ናቸው። ሽማግሌዎች የሚመጡበት እሑድ ተቆርጦ ነበር። በዚያው ሳምንት የልጁ አባት የተሰበረ ማረሻ ይዞ ከሥራ ቤቴ ገባ።

"አካም ጅርታ፣ ሶዳ!" አለኝ። አማች ማለቱ ነው፣ ገና ሳንዛመድ።

"ፈያ፣ ደህና ነኝ። መብራት ጠፋ እንጂ።"

"ዝናቡ መብራት ይጠብቅልኛል እንዴ? በሬዎቼ ቆመዋል። ኢንጂነር አይደለህ? በጥርስህም ቢሆን አያይዝልኝ!"

ሳቅን። የበር ጌጥ የማጎብጥበት የከሰል ምድጃ ነበረኝና አቀጣጠልኩት። ልጄ የምትገባበት ቤት በሬ ሥራ ፈቶ እንዲቆም አልፈለግሁም። ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ስለ በቆሎው ያወራል። ብረቱ ሊነጣ ሲል ለግንባታ ከተከመረው አሸዋ ዘግኜ ነሰነስኩበት። ወሬው ቆመ። ደርቤ መታሁ፤ ተያያዘ።

"ይህን ማን አስተማረህ?"

"አባቴ።"

"አባትህ ሥራው ምን ነበር?"

"አየኸው እኮ።"

ማረሻውን ውኃ ውስጥ አቀዝቅዤ ዘረጋሁለት። "መሬት ላይ አኑረው" አለኝ። አኖርኩት። ከመሬት አነሳው። ድንጋይ ላይ መትቶ ሞከረው፣ አልላቀቀም። "ጌታ ይባርክህ፣ ኦቦ" ብሎ ወጣ። አቶ ማለቱ ነው፤ ሶዳ አላለኝም።

እሑድ ሚስቴ ቤቱን አጽድታ፣ ወንበር ከጎረቤት ተውሳ፣ ስንጠብቅ ዋልን። ማንም አልመጣም። ማታ ልጁ ለልጄ ደውሎ አባቱ እንደታመመ ነገራት። ከዲጋ የመጣ ደንበኛዬ ግን ሰውየው ቅዳሜን ሙሉ ሲያርስ እንደዋለ ነግሮኛል፤ እኔ ባያያዝኩት ማረሻ። ከዚያ ወዲህ ልጁ መዘምራኑ ውስጥ ከኋላ ረድፍ ይቆማል። ከአንድ ጽዋ እንቀበላለን፣ "ወንድሜ" እንባባላለን። ልጅ መስጠት ሲመጣ ነው ደማችን የሚለየው።

ብዙ ቀን አለፈ። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ምሳዬን ሥራ ቤት ይዛልኝ መጣች።

"አባ፣ መብራቱ እስኪመጣ ብታስጠብቀው ምን ነበረበት?"

"ማረሻው ተሰብሮ ነበራ።"

"እሺ። ስለ አያቴ ሲጠይቅህስ?"

እጄን ታጠብኩ።

"የእኔ አልፏል" አለች፣ ሳህኑን እያስቀመጠች። "ለታናሽ እህቴ ሲመጡ ግን አያታችን ገበሬ ነበር በልላት።"

እሺ አልኳት።