እንቁራሪቷ ጉልበቴ ላይ፣ ጉማሬው ከኋላዬ

ዛሬ ማለዳ ጣና ላይ ከታንኳችን ኋላ የጉማሬ ጆሮ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ መቅዘፍ አልቻልሁም፤ ጉልበቴ ላይ አውራ ጣቴን የምታክል እንቁራሪት ተቀምጣለች!

ከፊቴ ያሉት መምህርት ራሔል እንቁራሪት የሚያጠኑ ናቸው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው፣ እሳቸው ለዛፍ እንቁራሪት ዘር ይቆጥራሉ። ይቺ ከአጠገባችን ካለው የደንገል ሣር ዘላ የመጣችው የማን ወገን እንደሆነች ገና አልታወቀም። ድምጿን ለመቅዳት ክረምቱን ሙሉ ደጅ ጠንተዋታል። ዛሬ ካመለጠች ልፋታቸውን ውሃ በላው።

«መምህርት፣ ጉማሬ!» አልሁ በሹክሹክታ።

«ዛሬም?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመቅጃው ሳያነሱ። (እዚህ በደረስን ቁጥር «ጉማሬ!» እያልሁ ሳስደነግጣቸው ነው የከረምሁ። ማን ይመነኝ?)

«እናቴ ትሙት፣ የእውነት ነው!»

«ብትነቃነቅ ወዮልህ!»

ጆሮው ቀረበ። እንዳልነቃነቅ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጭምድድ አድርጌ ያዝሁ።

ያኔ እንቁራሪቷ ጉሮሮዋን እንደ ማስቲካ ነፍታ ጮኸች። ጉማሬውም «ፉፍ!» ብሎ ጀርባዬን በውሃ አራሰው። እኔም ጮኽሁ! እሷ ደንገሉ ውስጥ ገባች፤ እኔ እንደ ሞተር ጀልባ ቀዘፍሁ።

ዳር ደርሰን ቅጂውን ከፈቱት። መጀመሪያ እሷ ጥርት ብላ፣ ቀጥሎ ጉማሬው፣ ከዚያ እኔ።

«ከማውቃቸው ከአንዳቸውም ጋር አትመሳሰልም፤ ዘሯ ገና ይጣራል» አሉ፣ ቅጂውን እንደገና እየከፈቱ። «የመጨረሻው ጩኸት ግን የምን ዘር እንደሆነ እኔም አላውቅ!»

እናንተንስ ሐይቁ ላይ ምን አስጩኋችሁ ያውቃል? «ጉማሬው ውሸት ነው» የሚለኝ ካለ፣ ነገ ማለዳ ታንኳዬ ላይ ቦታ አለ።