ያልተቀመሰው ወተት

ሥራ የጀመርኩት ክልሉ ገና አዲስ ሳለ፣ አሶሳ ውስጥ በዜና ዘጋቢነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ረቡዕ ነበር። የዜና ክፍል ኃላፊያችን አቶ ገበየሁ አንድ ካሴት ቴፕ፣ አራት ባትሪና አንድ ደብተር አስረከቡኝና አስፈረሙኝ። “ያለቀውን ባትሪ ሳትመልስ አዲስ አይሰጥህም” አሉኝ።

ምሳ ላይ ለሁለታችንም ሽሮ አዘዙ። “ጾም ነህ አይደል?” ሲሉኝ አዎ አልኩ። አልነበርኩም። አለቃዬ ስለሆኑ ነው ያልኩት። አንዴ ካልኩ በኋላ ግን ለሦስት ዓመት ቢሮ ውስጥ ጾመኛ ሆኜ ኖርኩ። እንቁላሌን ቤቴ በር ዘግቼ እበላ ነበር።

አንድ ጊዜ ለዘገባ ሸርቆሌ ስሄድ አንድ ሽማግሌ በበርታ ቋንቋ ረጅም ንግግር አደረጉልኝ። አስተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፤ እኔም እንደዚያው ጻፍኩ። አቶ ገበየሁ ካሴቱን ሰሙና “ሰውየው ያን ሁሉ ተናግረው ይህችን ብቻ አሉ?” ብለው በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ሸርቆሌ መለሱኝ።

በሦስተኛው ዓመት የነቢያት ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ከአቶ ገበየሁ ጋር ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰለፍን። በፍተሻው ቴፕ ያለው ያጫውታል፣ የሚጠጣ ነገር የያዘ ይቀምሳል። እኔ ቴፑን አጫውቼ አለፍኩ።

ከኋላዬ ወይዘሮ አስያ የሚባሉ የበርታ ሴት የልጃቸውን ልጅ ታቅፈው ነበር። እናቱ በወሊድ ሞታለች። ሦስት ሳምንቱ ነው። ላንቃው ክፍት ሆኖ መጥባት ስላቃተው በማንኪያ ነው የሚመገበው፤ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲገባ ሪፈር ተጽፎለታል። ዘንቢላቸው ውስጥ የተበጠበጠ ወተት ያለበት ፔርሙስ፣ የተከፈተ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ኩባያና ማንኪያ ነበር።

“እናቴ፣ ይቅመሱት” አለች ፈታሿ።

“እኔ ሳይም ነው። ጾም። አልቀምስም።”

ከሰልፉ አንድ አስተማሪ “መንገደኛ ይፈቀድለት የለ እንዴ?” አለ።

“ቤቴ ይኸው ይታያል። እኔ ገና መንገደኛ አልሆነም።”

“እንግዲያው አንቺ ቅመሺላቸዋ!” አላት አስተማሪው ፈታሿን።

“እኔም ጾም ነኝ። ለምን አንተ አትቀምስም፣ ቲቸር?”

“ይህን ሁሉ ቀን ጾሜ በአንድ ማንኪያ ላፍርሰው?” አለ። ሰዉ ሳቀ።

ወይዘሮ አስያ አልሳቁም። “እሱ ይቅመስ” ብለው ወተት በማንኪያ ለሕፃኑ ሰጡት። በአፍንጫው ተመለሰ።

የፈረቃ ኃላፊው መጣ። “ሕፃን አይቆጠርም። የሚቀምስ ካለ ያልፋል፣ ከሌለ ይቀራል” አለና ዙሪያውን ተመለከተ።

ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ያን ጠዋት ሁለት እንቁላል በልቻለሁ። አቶ ገበየሁ አጠገቤ ናቸው። ደብተሬን አውጥቼ “የሚቀምስ ጠፋ” ብዬ ጻፍኩ።

ፔርሙሱም ቆርቆሮውም ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፤ ወይዘሮ አስያ ሕፃኑን ብቻ ይዘው ተሳፈሩ።

መሐል ላይ ባረፍንበት ከተማ የአየሩ ጠባይ አልፈቀደም ተብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆምን። ከማረፊያው መውጣት አይቻልም። እዚያው ያለችው የሻይ ቤት ልጅ “በጾም ወተት አናፈላም” አለች። ወይዘሮ አስያ ስኳር በውኃ በጥብጠው በማንኪያ ሞከሩ። ሕፃኑ መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፤ በኋላ ተወው።

ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙን ጠየቅሁት። “በጣም ደክሞ ነው የደረሰው፤ ወተቱ ያድነው ነበር ወይ ላልከው እርግጠኛ አይደለሁም” አለኝ። ስለዚህ ይድን ነበር ብዬ አልጽፍም።

አሶሳ ተመልሼ ዜናውን ሠራሁ። አቶ ገበየሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ አሰመሩ።

“ይሄ ስህተት ነው።”

“የቱ?”

“‘ሊቀምስ የሚችል ሰው አልነበረም’ ያልከው። አንተ ነበርክ። እንደማትጾም እኮ ቢሮው በሙሉ ያውቃል።”

“ታዲያ እዚያው ለምን አልነገሩኝም?”

“ራስህ ትወጣለህ ብዬ ጠበቅሁ” አሉ። ድምፃቸው ወረደ። “ጠበቅሁ።”

ዓረፍተ ነገሩን አስተካከልኩ፦ “ሊቀምስ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ አልቀመሰም።” ዜናው እንደዚያ ተላለፈ።

ለወጣት ባልደረቦቼ፦ በቦታው የነበሩትን ሰዎች ስትቆጥሩ ራሳችሁንም ቁጠሩ። ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ካለ መጀመሪያ አድርጉት፤ ከዚያ ጻፉ።