የእትዬ አስካለ ገል

ዛሬ እትዬ አስካለ የተሰነጠቀ ድስት ይዘው ፊቴ ሲቆሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነገሩ የመጣው በቆቅ ነው። እሁድ ከጓደኛዬ ከበቀለ ጋር እንጦጦ ወጥተን ቆቅ ልንመታ ተማምለናል፤ የቀበሌ ስብሰባ ካልቀደመን ማለቴ ነው!

የሚበር ነገር መምታት መለማመድ ነበረብን። በሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን በእትዬ አስካለ ጓሮ ደግሞ ስብርባሪ ገል ተከምሯል። ቆሻሻ መስሎኝ በጆንያ ሞልቼ ወሰድኩት።

በቀለ ገሉን ወደ ላይ ይወረውራል፣ እኔ በጎማ ወንጭፌ አደቀዋለሁ።

"ጓድ ተኳሽ፣ ቆቆቹ ወሬህን ሰምተው አገር ለቀቁ!" ይለኛል። ገሉን አንድም ሳላስቀር ፈጀሁት።

ለካ እትዬ አስካለ ሸክላ ሲያቃጥሉ እሳቱን የሚሸፍኑት በዚያ ገል ኖሯል። ገበያ ደርሶባቸው ዛሬ ሳይሸፍኑ አቃጠሉ። ነፋስ ገባና የሳምንት ልፋታቸው ተሰነጠቀ።

"ገሌን ማን እንደወሰደው አላየህም?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ድስቱን መሬት አስቀመጡ። "ምነው ልጄ፣ ብትጠይቀኝ የማይረባውን መርጬ እሰጥህ አልነበር?"

በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በቃ፣ እሁድ ቆቅ የለም፤ በተሰነጠቀው ምትክ የሚሠሩበትን የሸክላ ጭቃ ልረግጥላቸው ነው።

እስቲ እናንተም በጨዋታ የሰው ልፋት ያበላሻችሁ ካላችሁ አውሩ፤ ብቻዬን አንገቴን ደፍቼ አልቁም።