በስልኬ የገባው ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ጾም መሻሬን፣ ሰው መቆጣቴን፣ ሚስቴን በሕይወት ሳለች ማስከፋቴን ተናግሬአለሁ። ይህችን ግን ከሌሎቹ ኃጢአቶቼ ኋላ ደብቄ አሳልፌአታለሁ። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ የምናገረው ፊትህን ስለማላይ ይሆናል።

ቢቸና ተወልጄ ሞጣ የምኖር ባለሱቅ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደልን ከዲያቆን ጎረቤቴ፣ ሒሳብን ከሚዛን፣ ስልክን ደግሞ ከራሱ ከስልኩ ተማርሁ። በዚህም እኮራ ነበር። ጫት እጠላለሁ። በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ ወጣቶች ባሉበት ሁሉ፣ የጫትን ክፋት ሳልናገር የተነሣሁበት ቀን ጥቂት ነው። ብቅ ስል «ሰባኪው መጣ» ይባል እንደ ነበር አውቃለሁ።

ኮሮና የገባ ጊዜ ከሱቄ አጠገብ ጫት የምትሸጠው የዘይነባ ገበያ ቆመ። ሰው ደጇ ላይ መቆምም፣ ብር መንካትም ፈራ። ጫቷን ቢቸና የሚያደርሱላት ሾፌሮችም ከደንበኞቿ ብር ተቀብለን አናመጣም አሉ። ዘይነባ ማንበብ አትችልም፤ ስልኳም ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። አንድ ቀን አፏን በሻሿ ሸፍና ከበሩ ራቅ ብላ ቆመች።

«ጋሽ አለሙ፣ ብሩ በእርስዎ ስልክ ይግባልኝና ማታ ከመሳቢያዎ ይስጡኝ።»

«የጫት ብር? በእኔ ስልክ?»

«ብሩ ምን አጠፋ? አይቃም።» ሳቀች። «እኔ ልሽጥ፣ እርስዎ ስልኩን ይነካኩ። ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለዋለን።»

ሚስቴ የሞተች ሰሞን ይህች ሴት ቤቴን ጠርጋለች፣ ውኃ ቀድታልኛለች። እምቢ ማለት ከበደኝ። እውነቱን ልናገር ካልሁ ግን ውለታው ብቻ አልነበረም፤ የተማሩት ሲደናበሩ እኔ በስልክ ብር መቀበል መቻሌ ለሰው መጥቀሙ ደስ አሰኘኝ። ለማንም እንዳትናገር ወላሂ አሰኘኋት። ደንበኞቿ ስሜን ቢያዩም ምን አለ? ስንት አለሙ አለ።

ብር ስም የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማን እንደ ያዘው አይናገርም። በስልክ የሚገባው ግን የላኪውን ስም ከነአባቱ ይዞ ይመጣል። ይህን አላሰብሁትም ነበር። የማውቃቸው ሰዎች ስም ሲመጣ መጀመሪያ አፈርሁ። ኋላ ግን ጣፈጠኝ። የጨዋ ሰው ስም ባየሁ ቁጥር እኔ ከፍ ያልሁ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለልጄ ለስመኝ ሽማግሌ መጣ። የላካቸው ሙሉጌታ የሚባል የቢቸና አስተማሪ ነው። ስመኝ እንደምትወደው ሳትነግረኝ አውቄአለሁ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሸፍነው ግቢዬ ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ። እንደ ልማዱ «ዘመድ ላማክር፣ ተመልሳችሁ ኑ» ብዬ ሸኘኋቸው። በልቤ ግን ሰጥቻለሁ። እነሱ ሳይመለሱ የዘይነባ ብር በስልኬ ገባ። ላኪው ሙሉጌታ ነው፣ ከነአባቱ ስም። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ገባ።

ዘይነባን አልጠየቅሁም። ሙሉጌታን አልጠየቅሁም። ስሙ ይኸው፣ ምን ያስጠይቃል አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ «ልጄን ለጫት ቃሚ አልሰጥም» አልኋቸው። ታላቃቸው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«ማን አየው?»

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የተነገረ ነውር እንዲሁ አይተውም። ምስክር ይቀርባል፣ ያለዚያም ተናጋሪው ይምላል።

«ሲቅም በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አሉ» አልሁ።

«ይምጡና ይንገሩን።»

«ሰው ከሰው አላጣላም።»

«እንግዲያው ማል፣ አለሙ።»

ማልሁ። ማተቤን ይዤ በሐሰት ማልሁ። የትኛው ዓይን ነበር ያየው? ስልኬ በደረት ኪሴ ነበር። «ስሙ በእኔ ስልክ ገባ» ብል እውነት ተናግሬ ነበር። ግን የጫት ብር አንተ ዘንድ ምን ያደርጋል ይሉኛል። ሰባኪውን። የራሴን ስም ለማትረፍ የሰው ልጅ ስም ሰጠሁ።

ወሬው ቢቸና ለመድረስ መኪና አልጠበቀም። ሙሉጌታ ባልሠራው ነገር ከባልደረቦቹ ፊት ቀለለ፤ ዝውውር ጠይቆ ወደ የጁቤ ከተማ ሄደ። ስመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ያየው ሰው ማን ነው?»

«አባትሽን ታምኛለሽ ወይስ አታምኝም?»

አመነችኝ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ አመነችኝ። ከዚያ ባህር ዳር ሥራ ይዛ ሄደች።

በሽታው ጋብ ካለ በኋላ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ሱቄ ገቡ። ይማም ይባላሉ፤ ቢቸና የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው።

«አለሙ አንተ ነህ? ዘይነባን ላመሰግን መጥቼ ነው፣ አንተንም ልመርቅህ ብዬ። እኔ ስልክ መቼ አውቅበታለሁ? ቤቴን የተከራየው ያ አስተማሪ ነበር የጫቱን ብር በስልኩ የሚልክልኝ። እየሰደበኝ ነው ታዲያ። ‹ጋሽ ይማም፣ ይህን ቅጠል ለፍየል ቢተዉት ምናለ› ይለኝ ነበር።» ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋ። «አላህን የማይፈራ አንዱ ወሬኛ፣ ቃሚ ነው ብሎ ለልጅቱ አባት ነገረበት አሉ። ማን እንደ ሆነ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አልሁ።

መረቁኝ። እጄን ዘርግቼ «አሜን» አልሁ።

እኔስ ለዘይነባ ደንበኞች ሁሉ ጫት ሻጩ አለሙ አልነበርሁም? የእኔ ስም የእሷን ሥራ እንደ ሸፈነ፣ የሙሉጌታም ስም የሌላ ሰው ሱስ ሊሸፍን እንደሚችል እንዴት ተሰወረኝ? አልተሰወረኝም። ማወቅ አልፈለግሁም።

ሙሉጌታ የጁቤ አግብቶ ወልዷል። ስመኝ አላገባችም። በበዓል ትደውላለች። ጤናዬን ትጠይቃለች፣ እኔ ስለ ዕቃ መወደድ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ደህና ሰንብት የምትለው እሷ ናት። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ሳል ብቻ ነው።

ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ለልጄ ብዬ ነው አልልም፤ ለልጄ ቢሆን እውነቱን በሰማሁ ማግሥት ባህር ዳር በሄድሁ ነበር። አንተም፣ አንባቢዬ፣ ይቅር አትበለኝ። የበደልሁት አንተን አይደለም። በፊታቸው የማልሁት ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ወደ የጁቤ በየት በኩል እንደሚኬድም አውቃለሁ። እስካሁን እስከ መናኸሪያው በር ሄጄ ተመልሻለሁ።